ቲቮሊን በምሽት እዩት፦ ለከተሞቻችን የመናፈሻ ሥራ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተሞቻችን የመናፈሻና የመዝናኛ ስፍራ ኃላፊዎች፣ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች

ጉዳዩ፦ ለሥራ ወደ ኮፐንሃገን ስትሄዱ የቲቮሊን ግቢ በምሽት እንድታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመናፈሻ ንድፍ፣ በመብራት ዝርጋታና በመጫወቻ ማሽን ጥገና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ልመናችን አንድ ነው። ወደ ዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን የሚሄድ ቡድን በዚያ ያለውን የመዝናኛ ፓርክ ቲቮሊን የሚያይ ከሆነ በምሽት ይየው። የጉብኝት መርሐ ግብር ሲወጣ መናፈሻ አብዛኛውን ጊዜ ለቀን ይያዛል፤ ምሽቱ ለእራት ይተዋል። ለቲቮሊ ሲሆን ይህ መገልበጥ አለበት። ቀን የገባ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው መጫወቻዎቹ ላይ ነው፤ እነሱን ደግሞ አገር ቤት ተቀምጦ ከአምራቾቹ ካታሎግ ላይ ማየት ይችላል። ያ ግቢ ከ180 ዓመት በላይ ሕዝብ ሳይሰለቸው የኖረበት ሙያ የሚገለጠው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መብራቱን የት እንዳስቀመጡት፣ የትኛውን ቦታ አስበውበት ጨለማ እንደተዉት፣ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ሳይፈራ የሚንሸራሸርበትን መንገድ እንዴት እንዳበጁት ማየት የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት እንበል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቲቮሊ የተከፈተው ኦገስት 15 ቀን 1843 ነው፤ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ 43 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። መሥራቹ ጌኦርግ ካርስተንሰን ነበር። ንጉሥ ክርስቲያን 8ኛ የሰጡት ፈቃድ ለአምስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ሕዝብ ሲዝናና ስለ ፖለቲካ አያስብም ተብሎ እንዳሳመኗቸው ይተረካል። ቦታው ያን ጊዜ ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ከምዕራቡ በር ወጣ ብሎ የሚገኝ የምሽግ መሬት ነበር። ምሽግ ፊት ለፊት ከባድ ግንብ ማቆም ስለማይፈቀድ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ቀላል የእንጨት ሥራ ነበሩ። አሁን በግቢው ውስጥ የምታዩት ሐይቅም የምሽጉ የውሃ ቦይ ቅሪት ነው። ያላቸውን ቦይ አልደፈኑትም፤ ምሽቱን ያቆሙት በእሱ ዙሪያ ነው። ቲቮሊ የዓለም አንጋፋው የመዝናኛ ፓርክ ነው ሲባል ብትሰሙ ግን አትቀበሉ። ከኮፐንሃገን ሰሜን በጫካ ውስጥ ያለው ባከን ታሪኩን ከ1583 ይቆጥራል።

ስፋቱ ወደ 8 ሄክታር ነው፤ አሥራ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል። ይህን ቁጥር ያዙት። በአገራችን ከዚህ የሚበልጥ መሬት ተሰጥቷቸው በአንድ ሰዓት ተዞረው የሚያልቁ መናፈሻዎች አሉ። እዚያ ግን በ8 ሄክታር ውስጥ ሰው ብዙ ሰዓት ይቆያል። ምክንያቱ መንገዶቹ ናቸው። ከበር ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ብታዩ የግቢውን መጨረሻ አታገኙትም፤ መንገዱ ይታጠፍና ዛፍ ወይም ቤት ይጋርደዋል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ግን አንድ መብራት ብልጭ ይላል። እግር ወደዚያ ይሳባል። ምሽት ላይ ይህ ብልሃት በእጥፍ ይሠራል፤ አጥሩና የጎረቤት ሕንፃ ጨለማ ውስጥ ገብተው ስለሚጠፉ የግቢው ዳር የት እንደሆነ አይታወቅም።

ጊዜውን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር እንጻፋቸው። በጁን መጨረሻ ኮፐንሃገን ላይ ፀሐይ የምትገባው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ግቢው አብዛኛውን ጊዜ በአዘቦት ቀን እስከ 5 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ 6 ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ በአውሮፓ በጋ ወገብ የሄደ ቡድን እውነተኛ ጨለማ ሳያይ ይወጣል። በኦገስት 20 ገደማ ፀሐይ የምትገባው 2 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፦ ቅጠሉ አልረገፈም፣ አበባው አለ፣ ጨለማውም በቂ ነው። በገና ወቅት ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ትጠፋለች፤ ያኔ የምታዩት ግን ለበዓል የተጨመረ መብራት ስለሆነ ለትምህርት አይመችም። ትኬቱና የበሩ ሰሌዳ ላይ 23:00 ተብሎ የተጻፈው የእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቢያምታታ ስድስት ሰዓት ይስታል።

ግቢው ዓመቱን ሙሉ ክፍት እንዳይመስላችሁ። የበጋው ወቅት በማርች መጨረሻ ወይም በኤፕሪል ጀምሮ በሴፕቴምበር መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ በኦክቶበር የሃሎዊን፣ ከኖቬምበር አጋማሽ የገና፣ በፌብሩዋሪም አጭር የክረምት ወቅት አለ። በመካከሉ ለጥገናና ለጌጥ ለውጥ ይዘጋል። የበረራ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን የመክፈቻ ሰሌዳ አረጋግጡ። ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። በበጋ ዓርብ ማታ ከ1997 ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ስላለ የሰው ብዛት መንገዱን ይሸፍነዋል። ሕዝብ በብዛት ሲመጣ ግቢው እንዴት እንደሚይዘው ማየት ለሚፈልግ ብቻ ዓርብ ይጠቅማል።

ስለ መንገዱ በአጭሩ። የሸንገን ቪዛ የሌለው መንገደኛ ለትራንዚት ብቻ ቢያርፍ ከአየር ማረፊያው መውጣት አይችልምና ይህ አስቀድሞ ይታሰብበት። ከኮፐንሃገኑ የካስትሩፕ አየር ማረፊያ ወደ ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ከባቡሩ ይልቅ ሜትሮውን መያዝ ነው፤ የአየር ማረፊያው ሜትሮ በሌላ የከተማው ክፍል ስለሚያልፍ ወደ ቲቮሊ በር አያደርስም። ሁለተኛው ይብሳል፦ በዚያው ጣቢያ ወደ ስዊድን የሚሄደው ባቡርም ይቆማል። ሰሌዳው ላይ ማልሞ የሚል ካያችሁ አትግቡ፤ ከገባችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሌላ አገር ትደርሳላችሁ። ማዕከላዊው ጣቢያ ስትወርዱ ሻንጣ የሚቀመጥበት ሳጥን አለ፤ ቲቮሊ ከጣቢያው የሚለየው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ዴንማርክ በዩሮ ሳይሆን በክሮነር ነው የምትገበያየው፤ ካርድ ያዙ። ኦገስትም ቢሆን ማታው ስለሚቀዘቅዝ ጃኬት አይቅር።

የመግቢያ ትኬትና የመጫወቻ ትኬት ይለያያሉ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የግቢው ሐሳብ ያረፈበት ነገር ነው። ለመግቢያ ብቻ ከፍሎ የሚገባ ሰው አለ፤ ሁሉም ሊሽከረከር አይመጣም። አያት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጅ ይጫወታል፣ እናት ሐይቁ ዳር ትዞራለች። የራስን ምግብ ይዞ ገብቶ መብላትም ይቻላል። ስለዚህ ግቢው ገንዘብ የማያስከፍሉትን ነገሮች፣ ማለትም ወንበሩን፣ ጥላውን፣ አበባውንና መብራቱን ችላ ቢላቸው ሰው መግቢያ መክፈሉን ያቆማል። ለቡድናችሁም የመግቢያው ትኬት ይበቃል። ለአንድ መጫወቻ ብቻ ተጨማሪ ትኬት ግዙ፤ እሱን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድማችሁ ግቡ። በኪስ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ፣ የ5 ሜትር ሜትርና ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ ሙሉውን ግቢ አንድ ጊዜ ዙሩና የሄዳችሁበትን መንገድ ካርታ ላይ አስምሩ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ሲጨልም ያንኑ መንገድ፣ በዚያው አቅጣጫ ድጋሚ ሂዱ። ሁለቱን ማነጻጸር የሚቻለው መንገዱ አንድ ሲሆን ነው። የስልክ ካሜራ ያሳስታል፤ ጨለማን ሲያይ ራሱ ብርሃን ስለሚጨምር ፎቶው ላይ ሁሉም ቦታ እኩል የበራ ይመስላል። የካሜራውን ብርሃን ቆልፋችሁ አንሱ፤ ካልሆነ አገር ቤት ስትመለሱ የምታሳዩት ማስረጃ ያያችሁትን ይክዳል። የምሰሶ ቁመት ለመለካት መውጣት አያስፈልግም። ቁመቱ የሚታወቅ ባልደረባ ከምሰሶው አጠገብ አቁሙና ፎቶ አንሱ፤ ኋላ ላይ በስሌት ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአንድ መብራት በታች ቁሙና መዳፋችሁን ግንባራችሁ ላይ እንደ ባርኔጣ ጥላ አድርጉ። መብራቱን ስትጋርዱት ፊት ለፊታችሁ ያለው መንገድ ይበልጥ ከታያችሁ ያ መብራት በመጥፎ ቦታ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ዓይናችሁን እያጠፋ እንጂ መንገዱን እያበራ አይደለም። ይህን ፈተና በቲቮሊ መንገዶች ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ አገር ቤት 12 ሜትር ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ኃይለኛ ፓውዛ ሥር ሞክሩት። ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባችኋል። ኃይለኛ ብርሃን ከላይ ሲመጣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ ከብርሃኑ ክብ ውጭ ያለው ሁሉ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ደግሞ የሰውን ዓይንና አገጭ በጥላ ይሸፍናል፤ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ አይለይም። መናፈሻው ተበራ ተብሎ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ሰው ግን ማታ የማይገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብርሃኑ እያለ ፍርሃቱ አይቀንስም።

የቲቮሊ ብልሃት መብራቱን ዝቅ ማድረግ፣ ማብዛትና አምፖሉን መደበቅ ነው። ትናንሽ አምፖሎች በቤቶቹ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብተዋል፣ በሐይቁ ዳር ዝቅ ብለው ተተክለዋል።  ውሃው በአብዛኛው ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ በዳር ያለው እያንዳንዱ አምፖል ውሃው ላይ ሁለተኛ ሆኖ ይታያል። ውሃ ውስጥ መብራት የሚያስገባ ሰው ይህን ነጸብራቅ ይገድላል፤ ውሃውም ያለበትን አረንጓዴ ዝቃጭ ሁሉ ያወጣዋል። ብርሃኑም ወርቃማ ነው፣ የእሳትና የአሮጌው አምፖል ዓይነት። ለእኛ አገር ስትገዙ በሣጥኑ ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ፈልጉ። ርካሹና በብዛት የሚመጣው 6500 ኬልቪን የሆነው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ የሰውን ፊት ያገረጣል፣ ነፍሳትንም ይበልጥ ይስባል። የቀለም ትክክለኛነት መለኪያውም (ሲአርአይ የሚባለው) ከ80 በላይ ይሁን፤ ካልሆነ ቀይ ጽጌረዳ ማታ ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ አትክልተኛው የደከመበትም ከንቱ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የዴንማርኩ አርክቴክትና የመብራት ንድፍ ባለሙያ ፖል ሄኒንግሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሕይወቱን የሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነበር፦ አምፖሉ ዓይንን ሳይመታ ብርሃኑ እንዴት ወደሚፈለግበት ይድረስ? በተደራረቡ ቆቦች አምፖሉን ደብቆ ብርሃኑን በነጸብራቅ የሚያወጣ መብራት ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩ በጀርመን በተያዘች ጊዜ ማታ ማታ መብራት ማጥፋት ግዴታ ሆነ። እሱ በዚያ ወቅት የቲቮሊ አርክቴክት ነበርና ከሰማይ የማይታይ፣ መንገዱን ግን የሚያሳይ መብራት ነድፎ ግቢው ማታ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። በ1943 ወደ ስዊድን ሸሸ። በጁን 1944 ከናዚዎች ጋር የተባበሩ ዴንማርካውያን በግቢው ፈንጂ አፈንድተው የሙዚቃ አዳራሹን ጨምሮ ብዙ ቤቶች ወደሙ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ለሐይቁ ዳር የነደፈው ጠመዝማዛ መብራት እስከ ዛሬ አለ፤ ፈልጋችሁ አጠገቡ ቁሙ። በየትኛውም ጎን ብትቆሙ አምፖሉ አይታይም። የሚታየው ቀስ ብሎ የሚዞር የብርሃን ጥምዝ ብቻ ነው። መሐንዲሶቻችሁ እዚያ ሥር ሩብ ሰዓት ቢቆሙ ከአንድ ሙሉ ቀን ስብሰባ ይልቅ ይማራሉ ብለን እናምናለን።

ተጨማሪ ትኬት ግዙበት ያልነው መጫወቻ በ1914 የተሠራው የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በሐዲድ ላይ እየወጣ የሚወርድ የመጫወቻ ባቡር ነው። ዴንማርኮች ሩትሸባነን ይሉታል። በተራራ ቅርጽ የተሸፈነ ነው፤ ፍጥነቱ ከአዲሶቹ ያንሳል፣ ቁመቱም ብዙ አይደለም። ልዩ የሚያደርገው በእያንዳንዱ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ አብሮ መሄዱ ነው። ባቡሩ በሞተር ተጎትቶ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው፣ የሚገታውም የፍሬን ያዡ እጅ። ማንሻውን ሲስብና ሲለቅ እጁን ተመልከቱ፦ ከመታጠፊያው በፊት ይይዛል፣ መታጠፊያው ላይ ይለቃል። አዋቂዎች የሞሉበት ባቡር ልጆች ከተቀመጡበት ባቡር ይበልጥ ይፈጥናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ፍሬኑ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በብርድ ቀን ቅባቱ ስለሚወፍር ባቡሩ ይዘገያል። ይህን ሁሉ በየዙሩ የሚያመዛዝነው ሰው ነው። ማታ ተራራው ውስጥ ሲገባ ከሚንኳኳው እንጨትና ከፍሬኑ ፍጭት በቀር ምንም አይሰማም።

ይህን የምንነግራችሁ የእንጨት ሮለር ኮስተር እንድትገዙ አይደለም። ማሽን ዕድሜ የሚያገኘው ከሠራተኛው እጅ መሆኑን በዓይናችሁ እንድታዩት ነው። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይኮማተራል፤ በዚያ የተነሳ ብሎኖቹ ይላላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐዲድ ከመከፈቱ በፊት በየቀኑ በእግር እየተሄደ፣ ብሎኑ እየተጠበቀ፣ የተሰነጠቀው ሳንቃ እየተለወጠ ነው የሚኖረው። የብረቱም ማሽን ከዚህ ነጻ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ብየዳው ላይ ነው፦ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ፣ ቀለም የተቀባበት ዝገት፣ ቅባት ያጣ ኩሺኔታ። ዕቃ ስትገዙ አምራቹን የአውሮፓ የመጫወቻ ማሽኖች ደንብ የሆነውን ኢኤን 13814 ያሟላ እንደሆነ ጠይቁ፤ የጥገናው መመሪያ ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ እንዲመጣም በውሉ ላይ አስፍሩ። ከሁሉ በላይ ስለ ፍሬኑ ጠይቁ። ፍሬኑ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚይዝ መሆን አለበት። ለመያዝ መብራት የሚያስፈልገው ፍሬን መብራት በሚጠፋበት ከተማ መገጠም የለበትም፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

ለረጃጅሞቹ ማሽኖች ብዙ ጊዜ አትስጡ። በ2006 የተከፈተው ሰማይ ላይ የሚያሽከረክረው ወንበር 80 ሜትር ነው፣ በ1999 የተሠራው ወርቃማው ግንብ 63 ሜትር። ከሩቅ ያምራሉ፤ ንፋስ ሲበረታ ግን ይቆማሉ።

ይልቅ የፓንቶማይሙ ትያትር ጋ ቆም በሉ። በ1874 የተሠራ ነው፤ ንድፉ የቪልሄልም ዳሌሩፕ። መጋረጃው የጣዎስ ጭራ ነው፦ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል ጣዎሷ ጭራዋን ታጥፍና ወደ ታች ትወርዳለች፣ መድረኩ ይከፈታል። ተመልካቹ ሜዳ ላይ ነው የሚያየው፤ ጨዋታውም በእንቅስቃሴ እንጂ በንግግር ስላልሆነ ዴንማርክኛ የማያውቅ እንግዳ ምንም አይጎድልበትም። ለመግቢያ የከፈለ ሰው እንዲህ ያለ ትርኢት ሌላ ሳይከፍል ያያል። የእኛ መናፈሻዎች እስክስታና ማሲንቆ ባለበት አገር ለምን የተቀዳ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ብቻ እንደሚያሰሙ አሳስቦናል። አምስት በአራት ሜትር የሆነ፣ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ክዳን ያለው መድረክና ከፊቱ ሣር ይበቃል። ድምፅ ማጉያው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ዝቅ ይበል፤ ያለዚያ በ30 ሜትር ላይ የተቀመጠው ቤተሰብ መነጋገር ያቅተዋል።

ዛፍ ላይ መብራት መጠምጠም በቀላሉ የሚቀዳ ሥራ ስለሚመስል እንጠንቀቅ። ግንዱ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ገመዱ ተጠብቆ ከታሰረ ቅርፊቱን እየበላ ይገባል፣ የዛፉም ምግብ መተላለፊያ ይቆረጣል። ዝግባም ይሁን ወይራ በሁለት ሦስት ዓመት ከላይ መድረቅ ይጀምራል፤ ሰውም በሽታ ያዘው ይላል። ሚስማር አትምቱ፣ ሽቦ አትጠቀሙ። በሚለጠጥ ማሰሪያ እሰሩ፤ በገመዱና በግንዱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይፈታና እንደገና ይታሰር። መገጣጠሚያዎቹ ቢያንስ አይፒ 65 (አቧራና ውሃ የማያስገቡ) ይሁኑ፤ ፕላስቲክ ፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ አይከላከልም። መስመሩ ላይ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያጠፋ መከላከያ ካልተገጠመ ዝናብ በዘነበ ማታ ሕፃን የሚነካው ዛፍ ላይ ኤሌክትሪክ አይሰቀልም።

ቲቮሊን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ የማይሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ኮፐንሃገን ከምድር ወገብ ሩቅ ስለሆነች ምሽቷ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ በበጋ 50 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ መብራቱና ሰማያዊው ሰማይ አብረው የሚታዩበት ያ ውብ ሰዓት ረጅም ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛ መብራት መበራት ያለበት ፀሐይ ስትገባ ነው እንጂ ሲጨልም አይደለም። በሰው እጅ በማብሪያ የሚበራ ከሆነ ጥበቃው እራት ሊበላ በሄደባት ሩብ ሰዓት ምሽቱ ያልፋል። ብርሃን ሲቀንስ ራሱ የሚያበራ ሴንሰር ዋጋው ትንሽ ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ ሰው ዛፍ ሥር ተጠልሎ የሚያልፈው አይደለም፤ በየ60 እስከ 80 ሜትሩ ክዳን ያለው መቀመጫ ካልኖረ ሰኔ ላይ ግቢው ባዶ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች ማታው ይበርዳል፤ መቀመጫው ከድንጋይና ከብረት ይልቅ ከእንጨት ይሠራ። መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ መውጫ መንገዶቹን የሚያሳዩ የባትሪ መብራቶች ይኑሩ፤ ሕዝብ በተሞላ ግቢ ውስጥ ሰው የሚጎዳው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ግፊያ ነው።

ስትመለሱ አዲስ ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። በምታስተዳድሩት መናፈሻ ውስጥ 60 ሜትር የሚሆን አንድ የእግር መንገድ ምረጡ፤ ስፋቱ 3 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በዚያ በኩል ያለውን ፓውዛ ለአንድ ሳምንት አጥፉ። በየ10 ሜትሩ 3 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ትከሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ይሆናል። ለሙከራ ከሆነ በባልዲ ሲሚንቶ የቆመ ቧንቧ ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ አምፖሉን የሚደብቅ ቆብ ያለው፣ 2700 ኬልቪን የሆነ ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ስቀሉ። ድምሩ 49 ዋት ነው፤ ያጠፋችሁት አንድ ፓውዛ ብቻውን 200 ዋት ይበላ ነበር። መሬት ላይ በአማካይ 5 ለክስ (መሬት ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ካገኛችሁ ለመንሸራሸሪያ በቂ ነው፤ ካነሰ ዋት ከመጨመር በፊት ቆቡን ፈትሹ፣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን የሚበላው ውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆብ ነው። ገመዱ ለሳምንቱ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ከመንገዱ ዳር ይለፍ፤ ለቋሚ ሲሆን 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይቀበር። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንትና በሙከራው ሳምንት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በዚያ መንገድ ያለፈውን ሰው አንድ ሠራተኛ በመንገዱ መግቢያ ቆሞ ይቁጠር፤ ሴቶችንና ከልጆች ጋር የመጡትን ለይቶ ይጻፍ። የሁለቱን ሳምንት ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለሕዝብ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር